ደንቡ የበዛ የጦርነት ሰሌዳ ጨዋታ ለታሪክ ይበልጥ ይቀርባል?

አንባቢው ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም።

የጦርነት ታሪክ ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው፤ በተለይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምሥራቅ ግንባርና የሰሜን አፍሪካ በረሃ ዘመቻዎች ይመስጡኛል። ወደ ሰሌዳ ጨዋታ የተሳብኩት ግን በቅርቡ ሲሆን፣ መግቢያ የሆነኝ በ2004 የወጣው «ሜሞር 44» ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርድ መዝዞ ግራውን፣ ቀኙን ወይም መሐሉን ማዘዝ፣ ዳይስ ጥሎ ውጤቱን ማየት፣ በአንድ ሰዓት ገደማም መጨረስ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ሰሌዳውን አጥፌ ስነሣ ስለ ዘመቻው የጨመርኩት ዕውቀት እምብዛም እንደሆነ ይሰማኛል፤ ተገቢው ካርድ ስላልመጣ ብቻ ቆሞ የሚቀር ጦር በእውነቱ ምን አግዶት እንደቆመ ጨዋታው አይነግረኝም።

ስለዚህ ዓይኔ ወደ ትልልቆቹ ሳጥኖች እየዞረ ነው። ጠረጴዛ የሚሸፍን ካርታ፣ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የካርቶን ጠጠሮች፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ባለ ብዙ ገጽ የደንብ መጽሐፍ ያላቸውን ማለቴ ነው። ግምቴ ደንቡ በበዛ ቁጥር ጨዋታው ለእውነተኛው ጦርነት ይቀርባል የሚል ነው፤ ሆኖም በዚህ ግምት ተመርቼ ከመግዛቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምን እንደምትሉ መስማት እፈልጋለሁ። ከዚሁ ጋር የሚያያዙ ሁለት ነገሮችም አሉ። አብሮኝ የሚጫወት ሰው የማገኘው አልፎ አልፎ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ለብቻዬ መጫወቴ አይቀርም። በሌላ በኩል አንድ የማውቀው ሰው በ1970ዎቹ የታተመ፣ ያገለገለ ጨዋታ ሊለቅልኝ ፈቅዷል፤ ከመውሰዴ በፊት ምን ምኑን ማየት አለብኝ?


የስንቅ ሹም መለሰ፦

የመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ አይቀርብም። የደንብ ብዛትና የታሪክ እውነተኛነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዳንዴም እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ለማሳያ እርስዎ በሚወዱት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ የተሠሩ ሁለት ጨዋታዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥልዎ።

አንደኛው አቫሎን ሂል በ1964 ያሳተመው «አፍሪካ ኮር» ነው። ደንቡ ጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ ካርታው ሄክስ በሚባሉት ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተከፋፈለ በረሃ ሲሆን፣ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ መንገድ ይዘረጋበታል። የጨዋታው ነፍስ ያለችው ስንቅን በሚወክሉ ጥቂት ጠጠሮች ላይ ነው። ማጥቃት የፈለገ ወገን ስንቁን ከጦሩ አጠገብ ማድረስ አለበት፤ የጀርመኑ ስንቅ በየተራው መድረስ አለመድረሱ ደግሞ የሚታወቀው በዳይስ ነው፤ ጭነቱ ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጥ ሊሰምጥ ይችላልና። የጀርመኑ አዛዥ ሮሜል ራሱን የቻለ ጠጠር አለው፤ በእርሱ በኩል የሚያልፉ የጦር ክፍሎች ከሌሎቹ ይልቅ ርቀው ይሄዳሉ። ተጫዋቹ ወደ ግብፅ ገስግሦ በሩ ላይ ሲደርስ ስንቁ ሰምጦ ይቀራል፤ ከኋላው ደግሞ ያልተያዘው የሊቢያ ወደብ ቶብሩክ አለ። ስለ ስንቅ መስመር መርዘም የተጻፉ ብዙ ምዕራፎች ያላስረዱትን ጭንቀት ያች አንዲት የዳይስ ውጤት ታስረዳዋለች።

ሁለተኛው በሪቻርድ በርግ ተነድፎ ኤስፒአይ በ1979 ያሳተመው «የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ» ነው። አሥር ሰዎች አምስት አምስት ሆነው እንዲጫወቱት የታሰበ ሲሆን፣ ካርታው ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል፤ ሙሉ ዘመቻውን ለመጨረስ ከ1,000 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ይገመታል። አብራሪዎች በግለሰብ ደረጃ በወረቀት ይመዘገባሉ፤ ነዳጅ በትነት እየቀነሰ ይሰላል፤ የኢጣሊያ ጦር ፓስታውን የሚቀቅልበት ተጨማሪ ውኃ ይመደብለታል። ስለ ፓስታው ንድፍ አውጪው ራሱ ቀልድ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ቀልዱ ሳይሆን ከቀሩት ደንቦች መካከል ጎልቶ አለመታየቱ ነው፤ ሁሉም ነገር በሚቆጠርበት ጨዋታ የፓስታ ውኃ መቆጠሩ ማንንም አያስደነግጥም።

ሁለቱ ጨዋታዎች የሚነግሩን ስለ አንድ ዘመቻ ነው፤ ልዩነቱ ተጫዋቹን በማን ወንበር እንደሚያስቀምጡት ነው። በመጀመሪያው ተጫዋቹ የጦር አዛዥ ነው፤ ስንቁ እንደማይበቃው ያውቃል፣ የትኛውን ክፍል እንደሚያስቀድም ይወስናል። በሁለተኛው አዛዥም፣ የነዳጅ ጸሐፊም፣ የጥገና ኃላፊም፣ የአየር ኃይል መዝጋቢም ነው። እውነተኛ አዛዥ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ሥራዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ ጨዋታ ሲመርጡ የደንቡን ገጽ ከመቁጠርዎ በፊት «እዚህ ውስጥ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ ደንቡ ያ ሰው የማያየውን ነገር የሚያስቆጥርዎ ከሆነ ከታሪኩ እየራቁ ነው።

ቀላል ደንብ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለማየት የቀድሞዎቹን የአቫሎን ሂል ጨዋታዎች የውጊያ ውጤት ሠንጠረዥ ይመልከቱ። የአጥቂው ኃይል ለተከላካዩ ኃይል ይካፈላል፤ የሚተርፈው ክፍልፋይ ሁልጊዜ ለተከላካዩ ጥቅም ይጣላል፤ የተገኘው ንጽጽር የሠንጠረዡን ዓምድ ይወስናል፣ በዓምዱ ውስጥ ያለውን ውጤት ደግሞ ዳይሱ። 11 ነጥብ ያለው አጥቂ 4 ነጥብ ያለውን ሲገጥም ለ3 ለ 1 አንዲት ነጥብ ስለጎደለችው 2 ለ 1 ተብሎ ይያዝለታል፤ በ2 ለ 1 ዓምድ ውስጥ ደግሞ አጥቂው ፈጽሞ የሚደመሰስበት የዳይስ ቁጥር አለ። ኃይሉ 12 ሲሞላ ወደ 3 ለ 1 ይሸጋገራል፤ በዚያ ዓምድ አጥቂውን የሚጠብቀው ክፉ ዕጣ ሁለቱም ወገን የሚከስርበት ልውውጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ያችን አንዲት ነጥብ ፍለጋ ከሌላ ግንባር አንድ ብርጌድ ይጎትታሉ፤ የተጎተተበት ስፍራ ይሳሳል፤ ባላጋራዎ ያንን ይመለከታል። ኃይልን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ሌላውን ቦታ ማጋለጥ እንደሆነ ለመማር ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አላስፈለገም።


ባለ ጓዱ መለሰ፦

የስንቅ ሹም የጻፉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌ አድርገው የወሰዱት በዚህ መዝናኛ ታሪክ ውስጥ እጅግ ጽንፍ የያዘውን ጨዋታ ስለሆነ ፍርዱ ትንሽ የተቻኮለ መሰለኝ። ደንቡ የበዛ ሁሉ የፓስታ ውኃ አይቆጥርም።

ክርክሩ ራሱ ከእኛ በፊት የነበረ ነው። የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ በ1824 ለሠራዊቱ ሲያቀርብ፣ ጨዋታው ትክክለኛ የመልክዓ ምድር ካርታ፣ ዳይስ፣ የኪሳራ ማስሊያ ሠንጠረዥና በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚቀመጥ ዳኛ ነበረው። እየዋለ እያደረ ሠንጠረዡ መኮንኖችን አሰለቻቸው፤ በ1876 ቨርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን ሠንጠረዡ ቀርቶ ውሳኔው ውጊያን በዓይኑ ላየ ዳኛ ይተው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለእነርሱ ትክክል ነበር፤ ከ1866ና ከ1870 ጦርነቶች የተመለሱ መኮንኖች በየጦር ሰፈሩ ነበሯቸውና። እኛ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለንም። ሳጥን ገዝተን በሁለት ሰው ወይም ለብቻችን የምንጫወት ሰዎች የዳኛውን ዕውቀት የምናገኘው ከደንቡ መጽሐፍ ብቻ ነው። ደንቡ ሲያጥር የሚጎድለው ገጽ ብቻ አይደለም፤ ዳኛው ሊነግረን ይችል ከነበረው ውስጥ አንዳች ነገር አብሮ ይጎድላል።

በተለይ ጨዋታው ከክፍለ ጦር ወደ ጓድ፣ ማለትም ወደ ጥቂት ወታደሮች ቡድን፣ ሲወርድ ዝርዝሩ ራሱ ጉዳዩ ይሆናል። በ1977 የወጣውንና በጆን ሂል የተነደፈውን «ስኳድ ሊደር» ይውሰዱ። በአንድ የጀርመን ጓድ ጠጠር ላይ 4-6-7 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ታትመዋል። 4 የተኩስ ኃይሉ፣ 6 የሚደርስበት ርቀት፣ 7 ሞራሉ ነው። አንዱ ሄክስ 40 ሜትርን ስለሚወክል ይህ ጓድ ኃይሉ ሳይቀንስ እስከ 240 ሜትር ይተኩሳል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ንዑስ መትረየስ የታጠቀውን የሶቪየት የክብር ዘብ ጓድ ይመልከቱ፤ ቁጥሩ 6-2-8 ነው። ኃይሉ ይበልጣል፣ ልቡም የጸና ነው፣ ሆኖም ከ80 ሜትር በላይ ሲርቅ መሣሪያው ይደክማል። እነዚህ ቁጥሮች በስታሊንግራድ ሕንጻዎች መካከል ሶቪየቶች ለምን ከጠላት ጋር ተጣብቀው ለመዋጋት እንደፈለጉ ያለ አንዳች ሐተታ ያስረዳሉ። ጀርመኑን የያዘው ተጫዋች ገላጣ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሶቪየቱን የያዘው ግን ጎዳናውን በጢስ ጋርዶ፣ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ዘሎ መጠጋት አለበት። ሲጠጋ ከተተኮሰበት ዳይስ ይጣላል፤ ውጤቱ ከሞራሉ ከበለጠ ጓዱ ይፈረካከሳል፤ የሚያረጋጋው መሪ በዚያው ሄክስ ከሌለም ለመዋጋት የሚመለስበት መንገድ የለም።

እርግጥ ነው ደንቡ ብዙ ነው። ይሁንና አዘጋጆቹ በአንድ ጊዜ እንዲነበብ አላደረጉትም። ሳጥኑ 12 ግጥሚያዎች አሉት፤ የመጀመሪያው በስታሊንግራድ የሚካሄድ ሲሆን የሚፈልገው የእግረኛ ደንብ ብቻ ነው፤ ታንክና መድፍ በኋላ በየተራቸው ይመጣሉ። አንድ ክፍል አንብበው ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ያልፋሉ። በ1985 የመጣው ተከታዩ ጨዋታ ግን ደንቡን በቀለበት በሚታሰር ማህደር ውስጥ አድርጎ፣ ገጾች እንዲጨመሩበትና እንዲለወጡለት ታስቦ ስለወጣ፣ ወደ እርሱ ዛሬ ይግቡ ብዬ አልመክርዎትም።


«ሁለቱንም ወገን» የተባለው መለሰ፦

ስለ ብቸኛ ጨዋታ የጠየቁትን እኔ ልመልስ፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ አለፉት።

ለብቻ መጫወት በዚህ መዝናኛ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የአንዳንድ ጨዋታ ሳጥን ጀርባ ለብቸኛ ተጫዋች ያለውን ተስማሚነት በመለኪያ ያሳያል። ዋናው ነገር መረጃው ክፍት የሆነበትን ጨዋታ መምረጥ ነው። ሁሉም ጠጠር በካርታው ላይ የሚታይ ከሆነ ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ እየተዘዋወሩ ሁለቱንም ወገን ማዘዝ ይቻላል። የማይመቹት በእጅ የተያዘ ካርድ ወይም የተሰወረ ኃይል ያላቸው ናቸው። ለምሳሌ በ1972 በወጣው «ኩቤክ 1759» ጠጠሮቹ በቋሚነት የሚቆሙ እንጨቶች ናቸው፤ ማንነታቸውና ጥንካሬያቸው ለባለቤቱ ብቻ ይታያል፤ ጥንካሬው ሲቀንስ እንጨቱ ዞሮ ሌላው ጠርዝ ወደ ላይ ይሆናል። ይህ ሁለት ሰው ሲጫወተው ድንቅ ነው፤ አንድ ሰው ሲጫወተው ግን ከራሱ ጋር ድብብቆሽ ከመጫወት አይለይም። በ2005 የወጣውና በቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ያተኮረው «ትዋይላይት ስትራግል»ም በዚሁ ምክንያት ለብቻ አይመከርም፤ የጨዋታው ጣዕም ባላጋራ የያዘውን ካርድ አለማወቅ ነውና።

ሁለቱንም ወገን ሲያዙ የሚገጥመው ትልቁ ችግር የማድላት ነው። ሰው ሳያውቀው የሚወደውን ወገን ይረዳል። የእኔ ዘዴ ይህ ነው፤ የእያንዳንዱ ወገን ተራ ከመጀመሩ በፊት ያ ወገን በሚቀጥሉት ጥቂት ተራዎች ምን ሊያሳካ እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ከዚያም ሌላው ወገን ምን እንደሚያስብ ባውቅም የተጻፈውን ዕቅድ የምለውጠው ካርታው ላይ የታየ ነገር ሲያስገድደኝ ብቻ ነው። ሌላው ጥሩ ዘዴ በንድፉ ውስጥ ያለ ነው። በአንዳንድ ጨዋታዎች የየትኛው ጦር ተራ እንደሆነ የሚወሰነው ከኩባያ ውስጥ ምልክት በማውጣት ስለሆነ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚንቀሳቀስ እርስዎም አያውቁም።

ለአንድ ሰው ብቻ ተብለው የተሠሩም አሉ፤ በጥራታቸው ግን በጣም ይለያያሉ። አቫሎን ሂል በ1983 ያሳተመው «ቢ-17» የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች 25 ተልእኮ ለመፈጸም የሚያደርጉትን ሙከራ ይተርካል፤ ልብ ያንጠለጥላል፤ ሆኖም የሚወስኑት ነገር ትንሽ ነው፤ ዳይሱ ይናገራል እርስዎ ይመዘግባሉ። በዚያው ዓመት የወጣው «አምቡሽ» ጓድዎ የገባበትን ሄክስ ቁጥር ተመልክተው አንቀጽ የሚያነቡበት በመሆኑ እውነተኛ ድንገተኛነት አለው፤ ነገር ግን ግጥሚያው አንዴ ከታወቀ ምሥጢሩ አለቀ። ከሁሉም የማስበልጠው በ2009 የወጣውን የጆን ባተርፊልድ «ዲ-ዴይ አት ኦማሃ ቢች» ነው፤ የአሜሪካ ጦር በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ያረፈበትን ውጊያ ይመለከታል። የጀርመን ምሽጎች በቀለም ተለይተዋል፤ በየተራው የሚመዘዘው ካርድ የየትኛው ቀለም ምሽግ እንደሚተኩስ ያዛል፤ የትኛው ሄክስ በማን ተኩስ ሥር እንደሆነ ካርታው ላይ ስለሚታይ በሁለት መጥፎ ሄክሶች መካከል ይመርጣሉ። በባሕሩ ዳርቻ ላይ የሚደረገውም ምርጫ በሙሉ ከዚህ ዓይነት አይወጣም።

አጋር ሲያስፈልግዎ ደግሞ ቫሳል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይመልከቱ። መጀመሪያ ባለ ጓዱ ለጠቀሱት የጓድ ጨዋታ ተከታይ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ አሁን እጅግ ብዙ ጨዋታዎችን ይዟል። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት መገናኘት ባይችሉም እንኳ የተራቸውን መዝገብ በኢሜይል እየተላላኩ መጫወት ይችላሉ።


ቆጣሪው መለሰ፦

ያገለገለውን ጨዋታ በተመለከተ።

ሳጥኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ ጠጠሮቹን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን ጭምር። ብዙዎቹ የደንብ መጻሕፍት ወይም የጦር አሰላለፍ ወረቀቶች የትኛው ክፍል ስንት ጠጠር እንዳለው ይዘረዝራሉ፤ ያ ከሌለ የጠጠሮቹን ሉህ ምስል ከኢንተርኔት ፈልገው ያነጻጽሩ። የጎደለው «ዙር» ወይም «ተበታትኗል» የሚል የማስታወሻ ምልክት ከሆነ ምንም ችግር የለውም፤ በቤት ሊሠራ ይችላል። የጎደለው ዋና ተዋጊ ክፍል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም ቢሆን አስመስሎ ማተም ይቻላል፣ ነገር ግን የቀለሙ ልዩነት ከጀርባው ስለሚታወቅ ጠጠሮች ተገልብጠው በሚሰወሩበት ጨዋታ ያስቸግራል።

ቀጥሎ ካርታውን በእጥፋቶቹ ላይ ይፈትሹ። በካርቶን ላይ የተለጠፈ ካርታ የሚሰነጠቀው በመታጠፊያው ነው፤ የወረቀት ካርታ ደግሞ እጥፋቶች በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ይበሳል። ከጀርባ በማሸጊያ ፕላስተር የተለጠፈ ካርታ ካዩ ያመንቱ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወደ ቡናማነት ተቀይሮ ወደ ፊት ይዘልቃል። ሲጫወቱ ወረቀቱን ለማቅናት በተቃራኒው አጥፎ ከማሸት ይልቅ ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ከላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሳጥኑን ያሽትቱት ማለት አስቂኝ ሊመስል ይችላል፤ የሻገተ ወረቀት ግን ከዓይን በፊት በአፍንጫ ይታወቃል፤ ከሌሎች ሳጥኖች ጋር ከተቀመጠም ሻጋታው ይዛመታል።

ሦስተኛው ደንቡ ነው፤ እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ቸል ይላሉ። አሮጌ ጨዋታዎች ደንባቸው በየእትሙ ይስተካከል ነበር፤ የ1970ዎቹ ሳጥን ውስጥ የሁለተኛ እትም ጠጠርና የመጀመሪያ እትም ደንብ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። አሳታሚው ዘንድ ጽፎ ክፍል ማስመጣት የሚቻልበት ዘመን ለአብዛኞቹ አልፏል፤ ኤስፒአይ በ1982 ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ፣ ጂዲደብልዩ በ1996 ተዘጋ፣ አቫሎን ሂልም በ1998 ለሃዝብሮ ተሸጠ። የእርማት ወረቀቶችን ግን ተጫዋቾች ራሳቸው ጠብቀው ስላቆዩአቸው በቀላሉ ይገኛሉ።

ጠጠሮቹ ከሉሁ ያልተፈለቀቁ ሆነው ካገኟቸው ሰብሳቢዎች የበለጠ ዋጋ ይሰጡታል። እኔ በበኩሌ እፈለቅቃቸዋለሁ። ከፈለቀቅሁ በኋላም ማዕዘናቸውን በጥፍር መቁረጫ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መሣሪያ እቆርጣለሁ፤ ምክንያቱም ማዕዘኑ የተንጨፈረረ ጠጠር ከጎረቤቱ ጋር እየተያያዘ ሦስትና አራት ተደራርቦ የቆመውን ክምር ይንዳል። ይህን የማይወዱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእነርሱ ጋር መከራከሩን ትቻለሁ።

አዲስ ለመግዛት ካሰቡም ብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚታተሙት በጥቂት ቁጥር መሆኑን ያስታውሱ። ጂኤምቲ የሚባለው አሳታሚ ለምሳሌ አንድን ጨዋታ ወደ ማተሚያ ቤት የሚልከው ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች አስቀድመው እንገዛለን ብለው ሲመዘገቡ ነው። ይህ አሠራር በአንድ በኩል ማንም ነጋዴ የማይደፍረውን ርእስ እንድናገኝ ያስችለናል፤ በሌላ በኩል «ካለቀ አይገኝም» የሚል ስጋት ፈጥሮ ያልተከፈተ ሳጥን በሳጥን ላይ እንድንከምር ያደርገናል። ደንቡን አንብበው የመጀመሪያውን ተራ ያልተንቀሳቀሱበት ጨዋታ መደርደሪያዎ ላይ ካለ የሚቀጥለውን ለመመዝገብ አይቸኩሉ።


አንባቢው መለሰ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከስንቅ ሹም «እዚህ ውስጥ እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ፣ ከባለ ጓዱ ደግሞ ደንብ የዳኛ ምትክ ነው የሚለውን ሐሳብ ወስጃለሁ፤ ለእኔ ሁለቱ የሚጋጩ አይመስሉኝም፤ ዳኛውም ቢሆን አዛዡ የሚያየውን እንጂ የማያየውን አይነግረውምና።

ቆጣሪው እንዳሉት የቀረበልኝን ሳጥን ከፍቼ አየሁት። በአውስትራሊያ በ1974 ታትሞ በ1976 በአቫሎን ሂል ዳግም የወጣው «የሩሲያ ዘመቻ» ነው፤ የእኔ የሁለተኛው ነው። ተዋጊ ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው፤ ካርታው አንድ እጥፋት ላይ ብቻ ትንሽ ተሰንጥቋል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከ«ሜሞር 44» ተነሥቶ በቀጥታ ወደዚህ መግባት ይቻላል? ወይስ በመካከል ሌላ ያስፈልጋል? ለብቻዬ እንደምጀምረውም አትርሱብኝ።


የስንቅ ሹም መለሰ፦

ሳጥኑን ይውሰዱት፤ መልካም ዕድል ገጥሞዎታል። በመካከል ግን አንዲት ትንሽ ጨዋታ ይጫወቱ፤ በ1986 ፍራንክ ቻድዊክ ለጀማሪዎች የነደፈውን «ባትል ፎር ሞስኮ»። ሰባት ተራ ብቻ ነው፤ ደንቡ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ በነፃም ይገኛል። የሚያስተምርዎ ዋና ነገር የተራውን ቅደም ተከተል ነው። ጀርመኑ መጀመሪያ ፓንዘሮቹን (የታንክ ክፍሎቹን) ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ይዋጋል፣ በመጨረሻ ፓንዘሮቹን ጨምሮ ሁሉንም ያንቀሳቅሳል። በዚህ ምክንያት ታንኩ ከውጊያ በፊት ከጠላት ጎን ይደርሳል፣ ከውጊያ በኋላም በተከፈተው ቀዳዳ ያልፋል፤ እግረኛው ግን ሁልጊዜ ከኋላ ይከተላል። በመካከል ጭቃው ሲመጣ እንቅስቃሴው ይታነቃል፤ ሞስኮ ቅርብ ሆና ትርቃለች።

ይህን ከተረዱ «የሩሲያ ዘመቻ» አይከብድዎትም። በእርሱ ውስጥ አንድ ወገን በተራው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ሁለት ጊዜ ይዋጋል፤ የሁለተኛው እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ያጠረ ነው። በመጀመሪያው የተሰበረው መስመር በሁለተኛው ይከበባል፤ የሚያፈገፍግበት ክፍት ሄክስ ያጣ ክፍልም ይደመሰሳል። ስለዚህ ሶቪየቱን ሲይዙ ድንበሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አይሥሩ፤ ሁለት ሄክስ ያህል ወደ ኋላ ሁለተኛ መስመር ይኑርዎ፤ በወንዝ ጀርባ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። መረጃው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ለብቻ ይመቻል።

አንድ ነገር ግን ቢመለከቱ ጥሩ ነው። በሶቪየቱ በኩል «ሠራተኞች» የሚባሉ፣ በከተሞች የሚቀመጡ ጠጠሮች አሉ፤ የሶቪየት ተተኪ ኃይል የሚሰላው በእነርሱ ነው፤ ከተማው ሲያዝና ሠራተኛው ሲጠፋ ተተኪውም አብሮ ይቀንሳል። ከተዋጊ ክፍሎቹ ጋር ስለማይመሳሰሉ ሲቆጠሩ ይዘለላሉ። ተዋጊ ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው ብለው ጽፈዋል፤ እነዚህንስ ቆጥረዋቸዋል?


አንባቢው መለሰ፦

አልቆጠርኳቸውም ነበር፤ ከማስታወሻ ምልክቶቹ ጋር በአንድ ከረጢት ተቀላቅለው ነበር። አሁን ለይቼ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሬአቸዋለሁ፤ አንዱ ጎድሏል።


ቆጣሪው መለሰ፦

ሠራተኞች ፊታቸው ለሁለቱም ወገን የሚታይ ስለሆነ የቀለም ልዩነት ጉዳት የለውም። የሌላውን ጠጠር ምስል በትክክለኛ መጠኑ በወፍራም ወረቀት ያትሙ፤ ከማያስፈልግ የማስታወሻ ምልክት ጀርባ ላይ በውኃ በማይሟሟ ሙጫ ይለጥፉት፤ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ያሳድሩትና ጠርዙን በምላጭ ያስተካክሉ።